የእማማ ኤፍታሊያ «ኔ»

ካቫላ፣ ግሪክ፣ ጥቅምት 9

አክስቴ ዝላትካ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤናሽ፣ ስለ ላሟ፣ ስለምትሠሪበት ክሊኒክ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጠይቄያለሁ ብለሽ ያዢልኝ።

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ማንንም አልመታሁም። አስተማሪውንም ቢሆን እኔ አልመታሁትም፤ እኔ ዳስተሩን ነው የወረወርኩት፣ የመታው ዳስተሩ ነው። «ተመለሺና ይቅርታ ጠይቂ» ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ትምህርት ቤቱ ድንበር ማዶ ነው፤ ያለ ወረቀት የወጣ ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ብሎ አይመላለስም።

ስለማስታምማቸው ሴትዮ ጠይቀሻል። እማማ ኤፍታሊያ ይባላሉ። ልባቸው ደካማ ነው፣ ዓይናቸውም እንደነገሩ ነው፣ ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ልጃቸው ስታማቲስ አቴንስ ነው ያለው፤ እናቱን በስልክ ነው የሚወዳት። ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ስልኩን እንዳልነካ ተነግሮኛል። ታች ያለችው ጎረቤት ሰላም ስላት በሯን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፤ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ክኒናቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የልብ ነው፤ ትንሽዬ ነጭ፣ በቀን አንድ። እሱን ራሳቸው ይወስዱታል። ብልቃጡ የእመቤታችን ሥዕል ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ማለዳ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አንድ ይውጣሉ። እኔ ቁርስ ሳቀርብ «የልብዎን ወሰዱ?» ብዬ እጠይቅና ሁለተኛውን፣ የሽንቱን ክኒን እሰጣቸዋለሁ። በቃ ይሄው ነው። ለዚህ እንዳንቺ ያለ ነርስ አያስፈልግም፣ አትሳቀቂ።

አሁን የሚያስቅ ልንገርሽ። እኛ በቋንቋችን «አይ» ለማለት «ኔ» እንላለን። ግሪኮች ደግሞ «ኔ» የሚሉት «አዎ» ለማለት ነው። እኔ ይሄን ማን ነገረኝ? የመጣሁ ሰሞን በግሪክኛ የሸመደድኳትን ጥያቄ ይዤ «ሾርባ ይፈልጋሉ?» እላለሁ። «ኔ» ይላሉ። ሳህኑን አነሳለሁ። ማታም «ኔ»፣ ማታም አነሳለሁ። በኋላ ለስታማቲስ ደውለው «ይቺ ያመጣህልኝ ልጅ ሾርባውን እያሳየች ትወስድብኛለች፣ ምን በድያት ነው?» አሉት። አሁን ጆሮዬን ገርቼዋለሁ። «ኔ» ሲሉ «አዎ» ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ።

መልስሽን ለአውቶብሱ ሹፌር ስጪው፤ ከፖስታ እሱ ይፈጥናል።

አልቤና


ጎርና ሊፓ፣ ኅዳር 2

አልቤና፣

«የመታው ዳስተሩ ነው» የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ አናደደኝ።

ስለ ክሊኒኩ ጠይቀሽኛል። እንደነበረ ነው። ስለሱ አታስቢ።

የሾርባው ወሬሽ ግን አላሳቀኝም። በሾርባ የተሳሳተ ሰው ይርበዋል። ክኒን እንደ ሾርባ አይደለም። «ወሰዱ?» ብለሽ አትጠይቂ። የዚያ ጥያቄ መልስ አንዲት ቃል ናት፣ አንዲት ቃል ደግሞ በቀላሉ ትሰማሻለች፣ በቀላሉ ታታልልሻለች። «ምን ወሰዱ? ያሳዩኝ» በያቸው። ከሁሉም የሚሻለው ብልቃጡን አንቺ ያዢው፤ አንቺ ስጪ፣ ሲውጡ ቆመሽ እይ። ክኒን የሚሰጥ ሰው በአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው። ሁለት ከሆኑ ወይ ይረሳል ወይ ይደገማል።

ያ የልብ ክኒን የሚቀለድበት አይደለም። ከመውሰዳቸው በፊት የእጃቸውን አንጓ ይዘሽ ትርታቸውን ቁጠሪ። በደቂቃ ከስልሳ በታች ከሆነ አይወስዱም፤ ሐኪም ትጠሪያለሽ። በአውራ ጣትሽ እንዳትይዢ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ራስሽን ቆጥረሽ ደህና ናቸው ትያለሽ።

ሹራብ ልኬልሻለሁ። ቀለሙን አትወጂውም። ልበሺው።

ዝላትካ


ካቫላ፣ ጥር 9

አክስቴ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። የበዓል ሰሞን ደብዳቤ መጻፍ ፈርቼ ነው፤ ብዕር ከያዝኩ የማይሆን ነገር ልጽፍ እችላለሁ ብዬ። «በዓሉን ከማን ጋር አሳለፍሽ?» ብለሽ በሹፌሩ ለላክሽብኝ፣ ከሬዲዮ ጋር። እማማ በጊዜ ተኙ። ቀለሙን አልወደድኩትም፣ ለብሼዋለሁ።

ስለ ክኒኑ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። አክስቴ፣ እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከአስተማሪ ልገላገል ብዬ ነው፤ አንቺ በአውቶብስ ላክሽልኝ። ደግሞ ሞክሬያለሁ። ብልቃጡን ከሥዕሉ ሥር ላነሳ ስል «ከእመቤታችን ልትሰርቂ ነው?» አሉኝ። እጃቸውን ያዝ ሳደርግ «ምን ትጎትቺኛለሽ፣ ልታገቢኝ ነው?» አሉ። ተውኩት።

ግን ተዋደናል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ግሪክኛውን ስሸመድድ አይተውኝ «አንቺ በኔ ቋንቋ ስትለፊ እኔ እንደ ድንጋይ ልቀመጥ?» አሉና የኛን አስተምሪኝ አሉ። ዳቦ፣ ውሃ፣ ብርድ፣ ነይ፣ ሂጂ። አነጋገራቸውን ብትሰሚ፣ ጥርሱ የረገፈ ዳክዬ ይመስላሉ። ነግሬያቸዋለሁ። «የአንቺ ግሪክኛ ደግሞ የበግ ነው» አሉኝ። አሁን በኛ ቋንቋ ስጠይቃቸው በኛው ይመልሱልኛል። «በረደዎት?» «ኔ።» «ዳቦ ልጨምር?» «ኔ።» የኛው «ኔ»፣ «አይ» ማለታቸው ነው። አትሳቂብኝ፤ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በዚህ አገር አንድ ሰው በቋንቋዬ እንቢ አለኝ።

እርጅና ነው መሰለኝ ግን የልባቸውን ክኒን መርሳት ጀምረዋል። ከበዓሉ ወዲህ ቁርስ ላይ «ወሰዱ?» ስላቸው «ኔ» ይሉኛል፤ እኔ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። ይኸው፣ አንቺ እንዳልሽው ሰጪዋ እኔ ሆኛለሁ።

ሌላ ወሬ የለም። ምግብ አስጠልቷቸዋል። ትናንት በአንሶላ ተጣላን። «ምን ብታጥቢው ነው ቢጫ ያደረግሽው?» አሉኝ። ነጭ ነው እላለሁ፣ ቢጫ ነው ይላሉ። አይቡም ቢጫ፣ ግድግዳውም ቢጫ። ተናደድኩና «እንግዲያው ግድግዳውንም እኔ ነኛ ያጠብኩት» አልኳቸው። እስካሁን አልተነጋገርንም። ሁለት ሆኖ መኮራረፍ ብቻ ከመሆን ይብሳል፤ ያልተመለሰልሽ ዝምታ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማሻል።

አልቤና


ጎርና ሊፓ፣ ጥር 14

አልቤና፣

ይሄ ሲደርስሽ የሚሆነው ሆኗል። ደብዳቤሽን ሹፌሩ እንደሰጠኝ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንሶላው ጋ ስደርስ ልደውልልሽ ወደ ፖስታ ቤት ሮጥኩ። አትንኪ የተባልሽውን ስልክ በማንሳትሽ አሁንም አመሰግንሻለሁ። «ክኒኑን አቁሚ፣ ብልቃጡን ይዘሽ ሆስፒታል ውሰጃቸው» ማለቴን ሰምተሻል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ያልነገርኩሽን አሁን ልጻፍልሽ።

ያ ክኒን በልኩ ሲሆን ልብን ይደግፋል። ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ምግብ ያስጠላል፣ ያየሽውን ሁሉ ቢጫ ያስመስላል፣ ከዚያ ልብን እያዘገመ፣ እያዘገመ ያቆማታል። እማማ ኤፍታሊያ ክኒናቸውን አልረሱም፣ አልቤና። ማለዳ አንድ ራሳቸው ወስደዋል፣ ቁርስ ላይ አንድ አንቺ ደግመሽላቸዋል። «ኔ» ያሉሽ በየትኛው ቋንቋ እንደነበር ቁጭ ብለሽ አስቢው።

ሐኪሙ «በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?» ይልሻል። ሁለት በይ። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ስትወነጀዪ ወይ ትናከሺያለሽ ወይ ትሸሺያለሽ። ተናከሺ፣ ሽሺም፣ ግን መጀመሪያ ሁለት በይ። አንድ ካልሽ የሌለ በሽታ ሲፈልጉ ልባቸው ትቆማለች።

ወረቀት እንደሌለሽ አውቃለሁ። ፖሊስ ሊጠሩብሽ እንደሚችሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የምልሽ።

ዝላትካ


ካቫላ፣ ጥር 19

አክስቴ፣

አንድ ብዬ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ደግ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የጠየቀኝ። ብልቃጡ እጄ ላይ ነው፤ ላዩ ላይ አንድ ይላል፤ «አንድ» አልኩት። ያኔ ውሸት አልመሰለኝም፣ ክኒኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ ነገሩ እየገባኝ መጣ። እየገባኝ ሲመጣ አፌ ተቆለፈ። ሌላው ሰው ሁሉ ከጎኑ የሚያናግረው ዘመድ አለው፤ እኔ ደግሞ ብናገር የሚወስዱኝ፣ ብወሰድ የት ሄደች የሚል የለም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ቀደድኩት። ከዚያ ሰብስቤ አነበብኩት። ሐኪሙን ደረጃ ላይ ደረስኩበት።

«ሁለት ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«የልቡ ክኒን። አንድ ራሳቸው፣ አንድ እኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበዓሉ ወዲህ።»

«ታዲያ ምነው አንድ አልሽኝ?»

«ፈርቼ። አሁንም ፈርቻለሁ። እኔን ከምትመረምር ሂድና እሳቸውን አድናቸው።»

አየኝ። ከዚያ ወደ ላይ ሮጠ። ያደረጉትን አላየሁም፣ በሩ ተዘጋ። ከወዲህ ምን እንዳደረግኩ አትጠይቂኝ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነርስ ወጥታ «አያትሽ አንሶላው ነጭ ነው እያሉ ነው» አለችኝ። አያቴ አይደሉም አላልኳትም።

እንዴት እንደሆነ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የክኒኑን ጥያቄ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በግሪክኛ ነው የምጠይቀው። ስለዚህ እሳቸው በግሪክኛ መለሱልኝ፦ «ኔ»፣ አዎ፣ ወስጃለሁ። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ በኛ ቋንቋ ስለሚመልሱልኝ ደስታው ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። የኛው «ኔ» መሰለኝ፤ አልወሰድኩም። እኔ ወደሳቸው ስሄድ እሳቸው ወደኔ ሲመጡ መንገድ ላይ ተላለፍን። ባንዋደድ ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር። ያንን ለሐኪሙ አልነገርኩትም፣ መድኃኒት የለውም።

«ሁለተኛውን እንዴት ዝም ብለው ዋጡ?» ማለትሽ አይቀርም። እኔም አልጋቸው ላይ ጠየቅኳቸው። «አንቺ የሰጠሽኝን መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?» አሉኝ።

ስታማቲስ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ በግሪክኛ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅሁት። አልጮኸም። «ፖሊስ አልጠራም። ሌላ ሰው እስካገኝ ቆዪ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለኝ። ስድቤ አፌ ውስጥ ቀረ።

አልቤና


ጎርና ሊፓ፣ ጥር 26

ልጄ፣

«ለምን እኔ ላይ አልጮህሽም?» ብለሽ ልከሽብኛል። ጮሄ ጨርሻለሁ፣ እዚያ ድረስ ስላልተሰማሽ ነው።

አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። ክሊኒኩ እንደነበረ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ተዘግቷል። ወጣቱ ሄደ፣ ሽማግሌው ሞተ፣ ለቀረነው ነርስ አያስፈልግም ተባለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አንዳንዴ ከፍቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። እንዳታዝኚልኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ፤ ደግሞ ክኒን እንዴት እንደሚሰጥ የምነግረው ሰው አንቺ ብቻ ስለቀረሽኝ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ሆኜ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነው።

አሁን ስሚኝ። ከመሄድሽ በፊት እማማ ኤፍታሊያን አስተምሪያቸው። ማስተማር መናገር አይደለም። «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ በሥራ ዘመኔ አልገባኝም ያለኝ በሽተኛ አላየሁም። እሳቸው መልሰው ይንገሩሽ፦ ይሄ ምንድነው፣ ለምኑ ነው፣ ዛሬ ወስጄዋለሁ ወይ። እርግጠኛ ካልሆኑ አፋቸውን ይዝጉ። ማንም ቢሰጣቸው ይዝጉ። አንቺም ብትሆኚ።

እንዳያምኑሽ አስተምሪያቸው ማለቴ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺን እንደዚያ እያመኑ ከቀሩ የሚቀጥለዋንም ሴት እንደዚያ ያምናሉ፤ እሷ ደግሞ ደብዳቤ የምትጽፍላት አክስት ላይኖራት ይችላል።

አክስትሽ


ካቫላ፣ አውቶብስ ተራ፣ የካቲት 21

አክስቴ፣

እጄ ቀዝቅዟል፣ ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ ለዚያ ነው። ክሳንቲ የሚሄደውን አውቶብስ እየጠበቅሁ ነው። እዚያ አስታማሚ የሚፈልጉ አንድ ሽማግሌ አሉ አሉኝ፣ ድሮ የመርከብ ወጥ ቤት የነበሩ። «ወደ ቤት ነይ» ብለሽ በሹፌሩ ልከሽብኛል። ብመጣ ሁለታችንም አቧራ ልንጠርግ ነው። ትንሽ ልቆይ። አድራሻውን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ።

አስተማርኳቸው። መጀመሪያ አበዱብኝ። «ልጅ አደረግሽኝ? እኔ አንቺ ሳትወለጂ ልጅ ቀብሬአለሁ» አሉ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ ሁለታችንም ደከመንና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ለልቡ ክኒን የእንቁላል ማስቀመጫ ስኒ አገኘን። ማታ አንድ ክኒን ብቻ ስኒው ውስጥ ይገባል፣ ስኒው ሥዕሉ ሥር ያድራል፣ ብልቃጡ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ስኒው ባዶ ከሆነ ተወስዷል ማለት ነው፤ ዓይን ባያይ ጣት ያገኘዋል። «እመቤታችን ካየችው ይበቃል» አሉኝ። «እመቤታችን አትናገርም» አልኳቸው። ሳቁ።

በየቀኑ መልሰው ይነግሩኛል። «ይሄ የልቤ ነው። አንድ ነው። ካቅለሸለሸኝ ወይ ነገር ሁሉ ቢጫ ከሆነብኝ ሐኪም።» ትርታቸውንም እቆጥራለሁ፣ በአውራ ጣቴ አይደለም። እጃቸውን ሰጥተውኝ ጸጥ ይሉና ስጨርስ «አለሁ?» ይሉኛል። «አሉ» እላቸዋለሁ።

አዲሷ ሴት ከአልባኒያ ናት፣ ድሪታ ትባላለች። ላያት አልፈለግኩም ነበር፤ ጥሩ ሰው ሆና አናደደችኝ። እሷንም መልሳ እንድትነግረኝ አደረግኳት። የነሱ «አዎ» «ፖ» ነው፤ እሱ እንኳን ከማንም ጋር አይጋጭም።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዬ ነበር። እማማ ከኔ ጋር ሲሆኑ ትምህርቱን ጨዋታ እያደረጉት እንደሆነ ገብቶኛል። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የሚመልሱልኝ። ጠያቂዋ ስትሄድስ? ልቤ አላረፈም። ስለዚህ ነጭ ከረሜላ በጥርሴ ሰብሬ ያቺን ክኒን እንዲያክል አደረግኩት። ስኒያቸው ባዶ መሆኑን አይቻለሁ፤ ማለዳ ወስደዋል። ቁርሳቸውን ይዤ ገባሁ፣ ያን ስባሪ መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁ።

«የልብዎ ክኒን፣ እማማ።»

«ወስጃለሁ።»

«አልወሰዱም፣ ይልቅ ቶሎ ይበሉ፣ አውቶብስ ያመልጠኛል።»

ፊቴን አዩ። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ አክስቴ፣ እውነቴን ነው፣ ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። ተነሱና ግድግዳውን እየተደገፉ ሄደው ጣታቸውን ስኒው ውስጥ ከተቱ። ተመልሰው ፊቴ ቆሙ።

«እጅሽን አንሺ» አሉኝ።

«እማማ...»

«ዛሬም? መሄጃሽ ቀን እንኳን?» ከዚያ ድሪታን ጠሯት። «ይቺ ልጅ ከዚህ በኋላ ምንም እንዳትሰጠኝ።»

ከረሜላ ነው ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ብላቸው ይስቁ ነበር፣ አንገቴን አቅፈው ይስሙኝ ነበር። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው «አልወሰዱም» ብሎ ሲያስጨንቃቸው ጨዋታ ይመስላቸው ነበር። መዳፌን ጨበጥኩና ዝም አልኩ። አክስቴ፣ እኔ ዝም ስል አይተሽኝ አታውቂም።

ሊሸኙኝ አልወጡም። ቦርሳዬን ድሪታ ናት እስከ በሩ የያዘችልኝ።

ከረሜላውን አሁን በላሁት። መዳፌ ላይ ሟሙቶ ነበር።

አልቤና